አባቴ የመረጧቸው ቀስቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የሠራሁት አንድ ሥራ ነው፤ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ክር መፈተሽ። ክሩን እወጥራለሁ፣ ክብደት አንጠለጥልበታለሁ፣ የተበጠሰበትን ልክ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። ፈታሽ አይወደድም፤ እኔም እወደዳለሁ ብዬ ጠብቄ አላውቅም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንዳንዱ «አመልሽን ያበላሸው ሥራው ነው» ይለኛል። ውሸት ነው። ሥራውን ያገኘሁት በአመሌ ነው።

አባቴ የሚኖሩት አንኮበር ነው። ዐይናቸው ከጠፋ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ድሮ ያርሱ፣ ቀንበር ይጠርቡ፣ ሽምግልና ይቀመጡ ነበር፤ አሁን የቀራቸው ዱላ መምረጥ ብቻ ነው። በእኛ ዘመዶች ዘንድ ወንድ ልጅ ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ ሚዜ ሲሆን ወይም በሬ ሊገዛ ገበያ ሲወርድ ዱላውን ራሱ አይመርጥም፤ አባት ይመርጥለታል። የአባቴ እጅ ደግሞ ስሙ ከቤተሰብ አልፎ ወጥቷል። ከአሊዩ አምባ ሽመል ጭኖ ሽቅብ የሚመጣው ነጋዴ ሳይቀር እስሩን እደጃቸው አራግፎ «አባባ፣ አላህ ይስጥዎት፣ እስቲ ይለዩልኝ» ይላቸዋል። እሳቸውም እያንዳንዱን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ለመጥ ያደርጉታል። የለመጠው ወደ ግራ ይጣላል፤ እንቢ ያለው ወደ ቀኝ። እንዲህ ያለ ቀን እራታቸውን በደንብ ይበላሉ።

ታናሽ ወንድሜ የስፖርት መምህር ነው። ሯጭ ነበር፤ ጉልበቱ ከዳው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ዝም ያለ ሰው ሆኖ ከረመ። አብሮት ያስተምር የነበረ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ደጋኑን ትቶለት ሄደ። እኔ የማውቀው ደጋን እናቴ በሕይወት ሳለች ጥጥ የምትነድፍበትን ብቻ ነው። ይኼኛው ኮምፓውንድ የሚሉት ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ ላይ መዘውር አለው፣ ሲስቡት መጀመሪያ ይከብድና መጨረሻ ላይ ይቀላል። ከደጋኑ ጋር ሁለት እስር የካርቦን ቀስት አብሮ ቀርቶ ነበር፤ አንዱ የሰውየው፣ ሌላው የሚስቱ። ሰውየው በር የሚሞላ ነበር። ወንድሜ ደግሞ ነፋስ ሲነሳ የምሰጋለት ዓይነት ሰው ነው። ስለዚህ ደጋኑን በቁልፍ አላልቶ በአቅሙ ልክ አደረገው።

በቀስቶቹ ላይ ቁጥር ተጽፎባቸዋል፤ የሰውየው ሦስት መቶ አርባ፣ የሚስቱ አምስት መቶ ይላል። ወንድሜ ቁጥሩ የበዛው የበለጠ ግትር መስሎት ነበር። ክር የፈተሸ ሰው እንዲህ ብሎ አያስብም፤ በክርም ቁጥሩ ሲበዛ ክሩ ይቀጥናል። ሁለት ወንበር አቀራረብኩ፣ ቀስቱን በላያቸው አጋደምኩና ከመሐሉ ከጎረቤት ሱቅ የተዋስኩትን የአንድ ኪሎ የሚዛን ድንጋይ አንጠለጠልኩ። ሦስት መቶ አርባው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ጎበጠ፣ አምስት መቶው አንድ ተኩል ሊሞላ ምንም አልቀረው።

«ቁጥሩ የሚጎብጥበት ልክ ነው» አልኩት።

«የክር ዳኛ!» አለኝ እየሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ አየሁት።

ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ የቀስት ቡድን መምረጫ ውድድር እንዳለ ተነገረው። ያለ አባት ምርጫ አይኬድምና ሁለቱን እስር ይዘን አንኮበር ሄድን። ደጋኑን በሚኒባስ ማንገላታቱ አሳስቦን ቤት ተውነው።

አባቴ መጀመሪያ አምስት መቶውን ተቀበሉ። ጉልበታቸው ላይ ለመጥ አድርገውት ሳቁ። «ይኼማ ልምጭ ነው፤ ልጅ መግረፊያ» አሉና ወደ ግራ ወረወሩት። ሌላውን ያዙ። ተጫኑት፤ እንቢ አላቸው። በጥፍራቸው መታ መታ አድርገው ድምፁን አዳመጡ። «በዚህ ሂድ። የሚለምጥ ነገር ሰው ፊት ያዋርዳል።» ከዚያ የወንድሜን ራስ ይዘው ረጅም ምርቃት መረቁት። ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ አይቼዋለሁ። በኋላ ላደረግሁት ነገር ሰበብ ያደረግሁትም እሱን ነው።

ደብረ ብርሃን ተመልሰን ሜዳ ወጣን። ዒላማችን ተረፈ ሱፍ የጠቀጠቅንባቸው ማዳበሪያ ከረጢቶች ናቸው። ከፊታቸው የእንጨት ክፈፍ ላይ ወረቀት ወጠርን፤ ቀስት ወረቀት በስቶ ሲያልፍ እንዴት ሲሄድ እንደነበር ቀዳዳው ይናገራል። የአባቴ ምርጫ ወረቀቱን ወደ ጎን ተረተረው። ደገምን፣ ሠለስን፤ ያው ነው። ልምጩ ግን ክብ ቀዳዳና የጅራቱን ላባዎች ሦስት ጭረት ብቻ ትቶ አለፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገመዱ ከኋላ ሲገፋው ቀስት ይጎብጣል፤ ዐይን አይደርስበትም እንጂ እየተወዛወዘ ነው የሚወጣው። የደጋኑ ጉልበትና የቀስቱ መጉበጥ ከተስማሙ ቶሎ ይረጋል። ከልክ በላይ ለስላሳ ከሆነ ይዋልላል፣ ተሰብሮ እጅ የሚያቆስልበት ጊዜም አለ። ከልክ በላይ ግትር ከሆነ ያ ደጋን ሊያጎብጠው አይችልም፤ ወደ ጎን ያፈነግጣል። ከባድ ጫፍ ቢገጠምለት ግትሩም በመጠኑ ይለዝብ ነበር፤ ግን እኛ አገር ከባድ ጫፍ ከየት ይመጣል።

ወንድሜ ከረጢቱ ላይ ተቀመጠ። «እትዬ፣ እንንገራቸው።»

«ምን ብለህ? ዐይንዎ ጠፍቷል፣ አሁን ደግሞ እጅዎም ተሳሳተ ብለህ?»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል።»

«ይጥራ፤ እሳቸው አያዩት። አንተ በልምጩ ተወዳደር፣ በእርስዎ ምርጫ ተወዳደርኩ በላቸው። ማን ያውቅብሃል?»

ይኼን ያልኩት እኔ ነኝ። ያልተበጠሰውን ተበጠሰ ብዬ አንድ መስመር ጽፌ የማላውቀው እኔ።

ወንድሜ ከተመረጡት የመጨረሻው ሆኖ ተመረጠ። በስልክ ሲነግረኝ አለቀሰ። እኔ «እንኳን ደስ አለህ» ብዬ ዘጋሁበትና ከዚያ ለብቻዬ አለቀስኩ።

በሳምንቱ አንኮበር ስንደርስ ወሬው ቀድሞናል። አባቴ በስልክ የሰሙትን ለጎረቤቱ ሁሉ አዳርሰውታል፤ «በመረጥኩለት ገባ» እያሉ። እደጃቸው ከወትሮው የበዛ ዱላ ተደርድሯል። ወንድሜ ደጋኑን በዚህ ጊዜ ይዞት መጥቶ ነበር፤ ግትሮቹን ቀስቶች ግን ቤት ትቷቸዋል። ይጠይቁናል ብለን አላሰብንም። ዕድሜ ልኩን ዱላ የመረጠ ሰው የተሳካለትን ዱላ መልሶ መያዝ እንደሚፈልግ እንዴት እንደጠፋን እስካሁን አይገባኝም።

«እስቲ ያስገባህን አስይዘኝ» አሉት።

ወንድሜ አየኝ። ከዚያ የያዘውን ሰጣቸው። ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት፣ አንዴ ለመጥ አደረጉት።

«ይኼ ልምጩ ነው።»

ቀስቱን በግራቸው አስቀመጡት።

«የጠፋው ዐይኔ ነው እኮ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። ወንድሜ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ትከሻውን ያዙት። «ተነስ። ይኼ ያንተ ሐሳብ አይደለም።» አፌን ሳልከፍት የተቀመጥኩበትን አውቀው ወደ እኔ ዞሩ። «በይ አሁን ንገሪኝ። ለምንድን ነው ልምጩ የተሻለው?»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ወንበሮቹን፣ ሚዛኑን፣ የተተረተረውን ወረቀት። በጥሞና ሰሙኝ። ስጨርስ ጥያቄ ነበራቸው።

«እንግዲያ ደጋኑ ቢጠነክር ኖሮ ግትሩ ይበጅ ነበር?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እስቲ ደጋኑን አምጡት።» በሁለት እጃቸው ዳሰሱት፤ መዘውሩን፣ ገመዱን፣ መያዣውን። ገመዱን በሁለት ጣታቸው ሳብ አድርገው ለቀቁት። «ለሰው ዱላ ስመርጥ ክንዱን ሳልዳብስ መርጬ አላውቅም። ይኼን ብታስይዢኝ ኖሮ እኔም ልምጩን እመርጥ ነበር። ተሳስተዋል ብለሽ ተመልሰሽ ብትመጪ ምን እሆን መስሎሽ ነው?»

አፍሬ ነበር፤ ከዚያ በፊት እንዲያ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ «ይቅር ይበልሽ» አሉኝ፣ ምሳ ቀረበ፣ በላን። ዱላ መምረጡንም አልተዉትም። ከወንድሜ ጋር እንደ ድሮው ናቸው፤ በየሳምንቱ እየደወሉ ስንት እንደመታ ይጠይቁታል።

ባለፈው ወር ሆዳቸውን አሟቸው ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ምርመራው አልቆ ወረቀቱ ሲሰጠኝ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር።

«ምንም የለብዎትም ይላል፣ አባባ» አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ አጠገባቸው ወደተቀመጠው የማያውቁት ሰው ዞሩ።

«ወንድሜ፣ ማንበብ ትችላለህ?» አሉት።