ቀለብ ይቆረጥብኝ ያልኩ ሰው

ሰው ሁሉ ከአገር የሚጠፋው በሌሊት ነው ይላሉ። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ያውም በገበያ ቀን። ያኔ ሸዋ ሮቢት ውስጥ በሌሊት የተንቀሳቀሰ ሁሉ የአብዮት ጥበቃ እጅ ይገባል። በገበያ ቀን ግን ማን ማንን ያያል? ሁሉም ሽንኩርቱን ይመርጣል። ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ግመሎቻቸውን ወደ አዋሽ ሲነዱ አንዷን አስያዙኝና «አንተ ዝም ብለህ ግመል ነጂ ምሰል» አሉኝ። መሰልኩ። ከከተማው መውጫ ድልድይ ላይ ጥበቃው የግመሏን ጭነት አገላብጦ ፈተሸ፤ እኔን ቀና ብሎም አላየኝ።

ወደ ኋላ አልዞርኩም። ብዞር ትምህርት ቤቱ ይታየኛል፣ የሺ ደግሞ ክፍል ውስጥ ናት። የሺ ልጄ ናት። እንግዲህ አገር ያስለቀቀችኝ ይህችው «ልጄ» የምትል ቃል ስለሆነች፣ ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ።

በመንግሥት እርሻው ላይ ትራክተር ነጂ ነበርኩ። አስካለን ያገባኋት ባሏ ጌታነህ በምሥራቁ ጦርነት ሞቷል ተብሎ፣ ተዝካሩም ወጥቶ ካበቃ በኋላ ነው። የሺን ጡት ላይ ትቷት ነበር የዘመተው፤ እኔ ስገባ አራት ዓመቷ። የእንጀራ አባት መባል አልወደድኩትም። የእንጀራ አባት በኛ አገር ምን ስም እንዳለው ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ጡት አጠባኋት።

የዛሬ ልጆች ትስቁ ይሆናል። ያባቶቻችን ወግ ነው፤ ወንዱ አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ለልጁ ያጠባል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ከዚያ ወዲያ የጡት አባት ነውና መካድ ነውር ነው። ግን ይህ የሚደረገው ጥርስ ላላወጣ ሕፃን ነው፣ አለዚያም ነገሩ ለገባው ትልቅ ሰው። የኛዋ ጥርሷ ሙሉ ነው፣ ማርም ቀምሳ አታውቅ። ጣቴን ጎረሰችና እስካጥንቱ ነከሰችው! «በሕግ አምላክ!» እያልኩ ስጮህ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የነፍስ አባታችን መምሬ ወልዴ «ያዘችህ እኮ! እንግዲህ ብትለምናትም አትለቅህ» ብለው መረቁን። ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ።

ለሰባት ዓመት አባባ ስትለኝ ኖረች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ከሶማሊያ እስር የተፈቱት ሲመለሱ ጌታነህ ከአውቶቡስ ወረደ። የተዝካሩን ጠላ የጠጣው ሰፈር ሁሉ ቆሞ አየው። ከስቶ አጥንቱ ቀርቷል፣ ድምፁ አይሰማም። ክፉ ሰው ቢሆንልኝ ምን ነበረበት! ደግ ሰው ነው።

አስካለ ሳምንት ሙሉ አለቀሰች። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ፊት «ተክሌ አንዳች አልበደለኝም። ግን ከጌታነህ ጋር የቆረብን ነን፤ ከተክሌ ጋር የኖርኩት በሰማንያ ነው። ቁርባኔን ረግጬ የት እገባለሁ?» አለች። ምን ይባላል? ፍቺውን ፈረምኩ። ቤቱንም ትቼላት ወጣሁ። ሚስትስ እሺ፤ የቆረበ ቀደመኝ። ልጅቷን ግን ማን ቀደመኝ? ስለዚህ ቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ሄድኩ።

«ጓድ ተክሌ፣ ምን ትጠይቃለህ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ለየሺ ቀለብ ይቆረጥብኝ።»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጓድ፣ ሰው ከቀለብ ሸሽቶ ማጀቴ ከተማ ድረስ ሄዶ ይደበቃል። አንተ በእግርህ መጥተህ ቁረጡብኝ ትላለህ?»

«አዎ። ቀለብ የተቆረጠበት ሰው እሑድ እሑድ ልጁን ማየት ይፈቀድለታል። አይቻለሁ።»

«ምኗ ነህ?»

«የጡት አባቷ።» ጣቴን አወጣሁና ጠባሳዬን አሳየሁ።

«ማር በማብላት አባት አይኮንም፤ ማርማ ንብም ታበላለች» አለ ሊቀመንበሩ፣ ሸንጎውም ሳቀ። እውነት ለመናገር እኔም ፈገግ ብያለሁ።

ከዚያ ጌታነህን ጠየቁት። ቆመ፣ ኮፍያውን አወለቀ። «ተክሌ ልጄን አሳድጎልኛል፣ እግዜር ይስጠው። ቀለቡን ግን አልቀበልም። እሱ ካበላት፣ እሱ ካለበሳት፣ እሑድ እሑድም ከወሰዳት፣ እኔ ምኗ ነኝ? ልጅነቷን አላየሁ፤ የቀረችኝን ተዉልኝ።»

ሸንጎውም ለእሱ ፈረደ። እንግዳ አሳድሮ እንደተመሰገነ ሰው «እግዜር ይስጥህ» ተብዬ ልወጣ ስል ሊቀመንበሩ ጠራኝ። «እንግዲህ ሚስት የለህም፣ ልጅ የለህም። እናት አገር ግን አለችህ» አለና ስሜን ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ከሚዘምቱት ዝርዝር አስገባው። እንዲህ ሆኖ ነው ግመል ነጂ የሆንኩት።

ከአዋሽ ባቡሩ ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ ጅቡቲ አደረሰኝ። ሙቀቱን አትጠይቁኝ! እኛ የሮቢት ሰዎች ደብረ ሲና ወጥተን ጋቢ በደረቡት ላይ የምንሳለቅ፣ ሙቀታችንን እንደ ርስት የምንኮራበት ነን። እዚህ ካምሲን የሚሉት ነፋስ ሲነሳ የኛ የግንቦት ቀትር ጥላ ነበር ያሰኛል። ባጌት የሚባል እንደ ዱላ የረዘመ ዳቦ ይበላሉ፤ ጠዋት ጥሩ ነው፣ ማታ ሰው ይፈነከትበታል። የማሾ ንፍሮ ባገኝ ጠላቴንም እስም ነበር።

ቤት ፍለጋ የሄድኩባት ሴትዮ አማርኛ ከባቡር ሠራተኞች የለመደች ናት። «ላጤ አላከራይም» አለችኝ።

«ላጤ አይደለሁም፣ ሴት ልጅ አለችኝ።»

«የት አለች?»

«ሸዋ ሮቢት።»

«እናቷስ?»

«ከባሏ ጋር።»

«አንተስ ማነህ ታዲያ?» አለችና ራሷን ይዛ ሳቀች። ያም ሆኖ ቆርቆሮ ቤቷን አከራየችኝ። «እንዲህ ያለ ነገር ዋሽቶ የሚፈጥር የለም» ብላ ነው።

የስደተኞች ቢሮ ስመዘገብ ደግሞ ሹሙ «አንፋን?» ሲል፣ አስተርጓሚው የድሬዳዋ ልጅ «ልጅ አለህ ወይ?» አለኝ። «አንዲት» አልኩ። ፓፒዬ አምጣ፣ ማለት ወረቀት አምጣ፣ ተባልኩ። ወረቀት ከየት ይምጣ፣ ጣቴን ዘረጋሁ። ሹሙ አሻራ ልሰጥ መስሎት የቀለሙን ሳጥን ገፋልኝ። አስነከረኝ፣ አስጫነኝ። ከጥቁሩ አሻራ መሐል የየሺ ጥርስ ነጭ ሆኖ ወጣ። ከላዩ፣ ልጅ በሚለው ቦታ፣ ዜሮ ጻፈ።

ወደቡ ላይ ጋራዥ ውስጥ ሥራ አገኘሁ። ተላመድኩ፣ ወፈርኩም። ግን የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ባየሁ ቁጥር እግሬ ይቆማል። እንግዳ ሰው ሴት ልጅ ላይ ሲያፈጥ ደግሞ የትም አገር አያምርም፣ ስለዚህ መሬት እያየሁ መሄድ ለመድኩ።

ከብዙ ማመንታት በኋላ ስልክ ደወልኩ። ፖስታ ቤቱ አዲስ አበባን አገናኘኝ፣ አዲስ አበባ ሮቢትን። የሮቢቷ ስልከኛ እንድታስጠራልኝ ቀደም ብዬ ስም ሰጥቻት ነበር፤ መልሼ ስደውል የሺ መጥታለች።

«ማን ፈለገሽ ልበላት?» አለችኝ ስልከኛዋ።

«አባቷ በያት።»

ወዲያ ስትነጋገር ይሰማኛል። ተመለሰች። «አባቴ አብሮኝ ነው የመጣው ትላለች ጋሼ። እርስዎ ምኗ ነዎት?»

ያው ጥያቄ፤ አገር አቋርጦ መጣ። «የማሩ በያት» አልኩ።

ስልኩን ሰጠቻት። ከዚያ ትንፋሿን ሰማሁት።

«ጋሼ ተክሌ?»

ጋሼ አለችኝ። እሺ። ይሁን። «ደህና ነሽ የሺዬ? ጌታነህ ነው ያመጣሽ?»

«አዎ፣ ደጅ ቆሟል። ብቻችሁን አውሩ ብሎ አልገባም አለ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጠባሳው አለ?»

«አለ።»

«እንዳይጠፋ፣ እሺ አባባ?»

እሺ ስል መስመሩ ተቋርጦ ነበር፤ መስማት አለመስማቷን አላወቅሁም።