የይርዳው አሮጌ ሲንተሳይዘር

ይርዳው የማይረባ ሙዚቀኛ መሆኑን ከማንም ቀድሞ የሚናገረው ራሱ ነው። ዜማ ቤት ሳለ መምህሩ ድምፁን ሰምተው፣ «ልጄ፣ ብታርስ ይሻልሃል» ብለውት ነበር። ለማረስ ደግሞ ሰነፈ። የቀረው ሙዚቃ ብቻ ሆነ።

በ1993 ዓ.ም. ባሕር ዳር ከተበተነ የሆቴል ባንድ አሮጌ ሲንተሳይዘር፣ ድምፅ የሚፈጠርበት ኪቦርድ፣ ገዝቶ አገሩ ንፋስ መውጫ ገባ። ለካ የውስጥ ባትሪው አልቆ በውስጡ የተቀመጡት ድምፆች ሁሉ ጠፍተዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ይመልሰው ነበር። ይርዳው ግን ያልገባውን የገባው መምሰል ስለሚወድ ባትሪ አስቀየረና ሁለት ክረምት ሙሉ ቁልፎቹን እየነካካ ከባዶ ድምፅ ሠራ። የመሰንቆ ድምፅ ፈልጎ ሲለፋ እናቷ የጠፋችባት ጥጃ የምትመስል ነገር ወጣችለት። እሷኑ ይዞ ሠርግ ለሠርግ ዞረ። አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ የሙሽራዋ በቅሎ ድምፁን ሰምታ ደንብራ አጥር ዘለለች።

በ2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ በኮምፒውተር ሙዚቃ የሚያቀናብር ጌዲዮን የሚባል ወጣት ለዘመድ ሠርግ መጣ። ያንን ድምፅ ሲሰማ ምግቡን ትቶ ተነሣ።

«ጋሼ፣ ይህ ምን ድምፅ ነው?»

«ስሕተት ነው ወንድሜ። መሰንቆ ላደርገው ብዬ ነው።»

«የዛሬዎቹ ኪቦርዶች ድምፃቸው ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ ሁላችንም አንድ ዓይነት ሆነናል። እንዲህ እንደ ብርጭቆ የሚጮህ፣ ጠርዙ የሻከረ ድምፅ ያለው እንደዚህ ባሉት አሮጌ ዲጂታል ሲንተሳይዘሮች ላይ ነው። በአዲሱ ኪቦርዴ ይለውጡኝ?»

«ላስብበት» አለ ይርዳው፤ እስኪጎርስ ድረስ አሰበበት። ተለዋወጡና ማታ ለሚስቱ ለካሣነሽ፣ «የአዲስ አበባውን ልጅ ጉድ ሠራሁት!» አላት።

በሚቀጥለው ሠርግ አዲሱ ኪቦርድ አንድም ሳይሳሳት ዘፈነ፤ ለጭፈራ ግን ማንም አልተነሣም። ጎረቤቱ እማማ አስካለ ጠጋ ብለው፣ «ዛሬስ ካሴት ነው የከፈትኸው?» አሉት። ጉድ የተሠራው ማን እንደሆነ ያኔ ገባው።

ኪቦርዱን ተሸክሞ አዲስ አበባ ወረደ። ጌዲዮን አልተቆጣም፤ «ሲንተሳይዘርዎን ይውሰዱት፤ መጀመሪያ ግን የድምፅ አሠራሩን ያስተምሩኝ» አለው። ይርዳው አለማወቁን መናገር አፍሮ አምስት ቀን ሙሉ በአስተማሪ ወግ ነካካ። በስድስተኛው ቀን፣ «እውነቱን ልንገርህ፣ አላውቀውም። ጆሮዬ ደስ እስኪለው ነው የምነካካው» ብሎ ተናዘዘ።

ጌዲዮን ከት ብሎ ሳቀ። «እኔስ ሌላ ምን እሠራለሁ?»

ይርዳው ሲንተሳይዘሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አውቶቡስ ተሳፈረ። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ይጫን ቢለው፣ «እኔ ልውጣ፤ እሱ ወንበሬ ላይ ይቀመጥ» አለ። እየቀለደ አልነበረም።