ታይኛን በዜማ ምልክት

ታይኛ እንደምችል የነገረችኝ እህቴ ናት። ወሩ መስከረም ነበር። ጎንደር ፒያሳ ባለችው የስልክ መጠገኛ ሱቄ ተቀምጬ የተሰነጠቀ ስክሪን እያላቀቅሁ ደወለችልኝ። እንደ ልማዷ ስለ እናታችን ጉልበት ጠየቀች፣ ስለ ሱቁ ጠየቀች፤ ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ «አንድ ነገር ተናግሬብሃለሁ፤ እንዳትቆጣ» አለችኝ።

እህቴ ለሁለተኛ ዲግሪ ባንኮክ ሄዳ እዚያው ሥራ ይዛለች፤ እዚያውም የአገሩን ሰው ወዳለች። ልጁ ጥር ላይ እናቱን ይዞ ጎንደር ሊመጣና በእኛ ወግ ሽማግሌ ልኮ ሊጠይቃት ተስማምተዋል። ችግሩ እናቱ ነበሩ። ከታይኛ ሌላ ቋንቋ አያውቁም፤ ሽማግሌ ሲገባ ደግሞ በወጋችን ልጁ ውጭ ይቀራል፣ እህቴም ጓዳ ትሆናለች። «የሚያናግረኝ በሌለበት ቤት እንደ ሻንጣ ጥግ ይዤ ልቀመጥ ነው? አልሄድም» ብለው ቁርጡን ነገሩት። ያን ጊዜ እህቴ ጣልቃ ገብታ፣ «ኧረ ወንድሜ ታይኛ ይችላል» አለቻቸው። ሴትዮዋ ፊታቸው በራ፤ እሺ አሉ።

«ከስልክ የማትማረው ነገር የለም» አለችኝ እህቴ። «ጥገናውንስ ቢሆን ማን አስተማረህ?»

እውነቷን ነው፤ ጥገናን የተማርኩት ከቪዲዮ ነው። ነገር ግን ስልክ መልሶ አያናግርም። በቤታችን ከሁሉ የማላወራው እኔ ነኝ፤ እንግዳ ሲመጣ ሻይ አቅርቤ ወደ ጓዳ የምመለስ ሰው ነኝ። እናቴ ነገሩን ስትሰማ ሳቋ አልቆም አላት። «መች አማርኛውን ጨርሶ ነው?» አለች።

ከሰላምታው ጀመርኩ። ከቪዲዮ ሰማሁት፤ በፊደላችን ጻፍኩት፤ ደጋግሜ አልኩትና ቀድቼ በቴሌግራም ላክሁ። መልሱ ረጅም የድምፅ መልእክት ነበር፤ አብዛኛው የእህቴ ሳቅ ነው። እጮኛዋ በትሕትና የተናገረውን እሷ ተረጎመችልኝ፤ «ክብሪት የምትጭር ነው የምትመስለው ይልሃል።»

ነገሩ ገብቶኝ እስኪያበቃ ብዙ ቀን ፈጀ። የእኛ አፍ ወይ ትንፋሽ ይለቃል፣ ወይ ይፈነዳል፤ ተ ወይም ጠ፣ ከ ወይም ቀ፣ ፐ ወይም ጰ። ታይኛ ደግሞ በሁለቱ መካከል ሌላ ድምፅ አለው፤ የማይነፋም የማይፈነዳም። እኔ እሱን ስፈልግ ጥርሴን ነክሼ ሁልጊዜ ወደሚፈነዳው እወድቅ ነበር። አሣ ማለት ፕላ ነው፤ በእኔ አፍ ጵላ ሆነ። መብላት ኪን ነው፤ እኔ ቂን አልኩት። ስክሪን የምጠርግበትን ስስ ወረቀት ከአፌ ፊት ይዤ ሞከርኩ። ወረቀቱ ሲወዛወዝ ትንፋሽ አለ፤ ሳይወዛወዝ ጉሮሮዬ ቋ ሲል ደግሞ ፍንዳታ አለ። የምፈልገው ወረቀቱም ጉሮሮዬም ዝም የሚሉበትን ነበር። በመጨረሻ ያገኘሁት በራሳችን አፍ ውስጥ ነው፤ ስፖርት ስንል ከስ ቀጥሎ ያለው ፖ፣ ስታዲየም ስንል ታ፣ ስኳር ስንል ኳ። ስ ተብሎ ከተጀመረ በኋላ ስን በሐሳብ ማስቀረት ነው። አንድ ቻርጀር ሊገዛ የገባ ደንበኛ ወረቀት ከአፍንጫዬ ሥር ይዤ «ስፖርት፣ ስታዲየም፣ ስኳር» እያልኩ ሲያገኘኝ በሩ ላይ ቆመ። ኳስ ልጀምር እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት፤ ማስረዳቱ ይረዝም ነበር።

ፊደሉን አስተካከልኩ ብዬ ደስ ሲለኝ ዜማው ቀረ። በታይኛ እያንዳንዱ ቃል የራሱ ዜማ አለው፤ አምስት ዓይነት ነው፤ ዝቅ፣ መካከል፣ ከፍ፣ የሚወድቅና የሚነሣ። ዜማው ከተሳተ ቃሉም ሌላ ቃል ነው። ቀድቼ በላክሁ ቁጥር እጮኛዋ አዳምጦ አንድ ነገር ብቻ ይመልስ ነበር፤ «ወንድምሽ ሁሉንም እንደ ጥያቄ ነው የሚለው።» ራሴን አዳመጥኩ። ልክ ነው። እርግጠኛ ስላልሆንኩ በየቃሉ መጨረሻ ድምፄ ሽቅብ ይወጣል። ፊደላችን ደግሞ ይህን የሚያሳይ ነገር የለውም።

ኅዳር ላይ አጎቴን ልጠይቅ ወደ ወገራ ወጣሁ። አጎቴ በአንድ ደብር የዜማ መምህር ናቸው፤ ተማሪውም ቤተሰቡም የኔታ ይላቸዋል። አባታችን ስለሌለ ሽማግሌዎቹን ተቀብለው መልስ የሚሰጡት እሳቸው ናቸውና ቀኑን ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። ትምህርት እስኪያበቁ ድረስ ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ጆሮዬ ላይ የስልክ ማዳመጫ ሰክቼ፣ የጀመርኩትን እደጋግም ነበር። መቋሚያቸውን ይዘው ከኋላዬ መቆማቸውን አላወቅሁም።

«ምነው ብቻህን ታዜማለህ?»

ዜማ ሳይሆን ንግግር መሆኑን ነገርኳቸው። አላመኑኝም። አንዱን ማዳመጫ ወስደው ጥምጥማቸውን ገለጥ አድርገው ጆሮአቸው ውስጥ ከተቱት። ጥቂት እንዳዳመጡ ቀኝ እጃቸው በራሷ ጊዜ መንቀሳቀስ ጀመረች። ተማሪ ሲያስዜሙ እንዲሁ ነው፤ ድምፅ የሚሄድበትን እጃቸው ታሳያለች።

«ይኸ ከታች ከደረት የሚወጣው ደረት ነው» አሉ። «ይኸ ድፋት። ይኸኛው ደግሞ፣ ቆይ መልሰው፣ ቅናት ነው። ያለ ምልክት ዜማ ይያዛል እንዴ? በል ጻፍ።»

በዜማ መጽሐፍ ከፊደሉ በላይ የሚቀመጡትን ትንንሽ ምልክቶች ማለታቸው ነው። ድምፅ የሚወርድበት ላይ ድፋት ይደረጋል፤ የሚቀናበት ላይ ቅናት። የእኛ ምልክት የዜማን መንገድ እንጂ የአንዲት ቃልን እንደማያሳይ፣ ስለዚህ ልክክ እንደማይል ራሳቸው አስጠነቀቁኝ፤ ግን ለመያዝ ይበቃል አሉ። ለሚወድቀው ድፋት፣ ለሚነሣው ቅናት፣ ለዝቅተኛው ደረት አደረግን። የመካከለኛውን ባዶ ተውነው። ከፍ ብላ የምትቀረዋን ብዙ ጊዜ አስደግመው አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይችን እኛ የለንም። ለራስህ አብጅላት።» ነጥብ አደረግሁላት።

ከዚያ እንደ ተማሪ ፊታቸው አስቁመው አስባሉኝ። ሦስት አራቴ እንደሞከርኩ እጃቸውን አነሡና አስቆሙኝ።

«ፈርተህ ነው የምታነሣው» አሉኝ። «ድፋት ሲሆን ድፋው።»

እስከ ጥር ድረስ ሥራዬ ይኸው ሆነ። ከሠፈራችን ከፀዳ ወደ ፒያሳ በሚያመላልሰኝ ባጃጅ ውስጥ፣ ስክሪን በምለጥፍበት ሰዓት፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ በቃሌ። እጄን ሳላንቀሳቅስ መናገር ስላቃተኝ ሥራ ላይ ብሎን ይወድቅብኝ ነበር። ከገና በፊት የላክሁትን ቅጂ እጮኛዋ ደጋግሞ ሰማው። ከዚያ እህቴን፣ ማን ነው ያስተማረው ብሎ ጠየቃት።

ቀኑ ደረሰ። ቤታችን ዘመድ ሞላው። የልጁ ወገን ከእናቱ በቀር ሰው ስለሌለው፣ ከሠፈራችን ሁለት አባቶች ለእሱ ሽማግሌ ሊሆኑ ፈቅደው አብረዋቸው መጡ። ሽማግሌ ጥያቄው እስኪሰማለት አይቀመጥም፤ ይህን እህቴ ቀድማ ነግራቸው ኖሮ ሴትዮዋ በር ላይ ሲደርሱ እንደ ሁለቱ አባቶች ቀጥ ብለው ቆሙ። አጭር ናቸው፤ በእጃቸው ትንሽ የአበባ ጉንጉን ይዘዋል። እናቴ ደንግጣ ወንበር ታሳያቸዋለች፤ እሳቸው ፈገግ ብለው እምቢ ይላሉ። እህቴ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ሆና ታዳምጣለች፤ ጫማዋ ከሥር ይታየኝ ነበር።

አባቶቹ ጥያቄውን አቀረቡ። የኔታ ወጉን ስለሚወዱት አላሳጠሩትም። ስለ ዘሩ ጠየቁ፣ ስለ ጠባዩ ጠየቁ፤ ሴትዮዋ ክብደታቸውን ካንዱ እግር ወደ ሌላው እያዛወሩ ቆመዋል። በመጨረሻ የኔታ፣ ልጃችንን ሰጥተናል፣ ይቀመጡ አሉና ወደ እኔ ዞሩ። ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ለታይኛው ቀርቶ ለአማርኛውም እንዲህ ተዞሮልኝ አያውቅም። የኔታን አየኋቸው። እንደ ዳኛ ኮስተር ብለው ተቀምጠዋል፤ ግን ጉልበታቸው ላይ ያረፈች አንዲት ጣታቸው ድፋት ሠራች።

«ቸን ናንግ ክራብ፣ ኩን ሜ» አልኩ። ይቀመጡ፣ እናቴ ማለት ነው፤ ክራብ የወንድ የትሕትና መዝጊያ ናት። ናንግን ደፋሁት። ሜንም ደፋሁት።

ኩን ሜ አልተቀመጡም። ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው ጎንበስ አሉና፣ ቀና ሲሉ እንደ ጅረት ወረዱብኝ። ረጅም ንግግር ነው፤ ይስቃሉ፣ በእጃቸው ቤቱን ያሳያሉ፣ የእኔን ስም ይጠራሉ። ከዚያ ሁሉ የያዝኩት ደስ ይላል የሚለውን ብቻ ነበር።

«ምን አሉ?» አለች እናቴ።

«ደስ ይላቸዋል።»

«ይኸን ሁሉ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ኩን ሜም አብረው ሳቁና ተቀመጡ፤ የተቀመጡትም እናቴ ባዘጋጀችው ወንበር ሳይሆን እኔ አጠገብ ነው። ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም። ያልኩት የሸመደድኩትን ነው። እህቴ የነገረቻቸው ደግሞ የሚያናግራቸው ሰው እንዳለ ነበር።

ምሳ ሲቀርብ እናቴ ከጣና የመጣ ቀረሶ አሣ ሙሉውን ጠብሳ ፊታቸው አኖረች። ኩን ሜ አሣውን ገልበጥ አድርገው አዩት። ቅንድባቸው ተነሣ። ክንዴን ያዙኝና «ፕላ ኒን» አሉ። ፕላን አውቃታለሁ፤ ስፖርት እያልኩ የደከምኩባት ቃል ናት። ኒንን አላውቅም፤ ግን ጣታቸው አሣው ላይ፣ ከዚያ ደረታቸው ላይ፣ ከዚያ ሩቅ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ባአን የሚል ቃልም አከሉ፤ ቤት ማለት ነው። ያው አሣ ነው እያሉኝ ነበር። ይኸው አሣ እኛም ቤት አለ።

ማንም ሳያስጠናኝ ጠየቅኋቸው፤ አሣውን ማን ነው የሚጠብሰው ለማለት። ሰዋስዉ ተሰባብሯል፤ ድፋቱና ቅናቱ ግን ቦታቸው ላይ ነበሩ። ኩን ሜ ማዕዱን ትተው መለሱልኝ። ባላቸው ነበሩ የሚጠብሱት። እሾህ የሚለውን ቃል በአሣው እሾህ አስተማሩኝ። እናቴ ምን ይላሉ እያለች ስትጎትተኝ፣ «ቆይ፣ ገና አልጨረሱም» አልኳት። እህቴ ከጓዳ ወጥታ፣ ለምሳ ከተጠራው እጮኛዋ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። እንጀራዋን ረስታ ታየን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኩን ሜ፣ የየኔታ ጣት ምን ትሠራ እንደነበር ጠየቁኝ፤ አይተዋት ኖሯል። ምልክቶቹን ሳሳያቸው ወንበራቸውን አንሥተው ወደ የኔታ ሄዱ። እሳቸው አንድ ቃል ይላሉ፣ የኔታ በአየር ላይ ይጽፋሉ። ሲሳሳቱ ኩን ሜ ጉልበታቸውን መታ ያደርጓቸዋል። «ሸጋ መምህር ናቸው፤ አይለቁም» አሉኝ የኔታ። እኔ እዚያ አላስፈለግሁም፤ ሻይ አቀረብኩ፤ ወደ ጓዳ ግን አልተመለስኩም።

የሄዱ ዕለት አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘናቸው። ሻንጣውን ልጃቸው ይገፋል፤ ኩን ሜ ክንዴን ይዘው ስለ ጎረቤታቸው ድመት ያወሩኛል። ከፍተሻው ወዲያ አለፉ። በመስታወቱ በኩል አፋቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ድምፅ አይሰማም። እንዳልሰማኋቸው ገባቸውና እጃቸውን አነሡ። ጣታቸው ዝቅ ብላ ደረት ሠራች፤ እንደገና ደረት፤ ከዚያ ቀጥ ብላ ባዶውን አለፈች።

ሰላምታው ነበር፤ ለመምጣትም ለመሄድም አንድ ነው።

«ሳዋትዲ ክራብ፣ ኩን ሜ» አልኩ ጮክ ብዬ። ወረፋ የያዙት ሰዎች ዞረው አዩኝ።