አንድ ዳቦ የያዘው ሰው

ሰውየው ከፒያሳ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው መንገድ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያልፋል። የጥበቃ ካፖርቱ ቁልፎች ሁለቱ በጥቁር፣ አንዱ በቀይ ክር ተተክለዋል፤ የወንድ እጅ ስፌት መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ቀኝ እጁን ከኪሱ አያወጣም። ጉንጩ ውስጥ ሁልጊዜ ከረሜላ አለ።

የትነበርሽ ከጠላ ቤቷ ደጃፍ ቁማ ታየዋለች። ዓምና የበሩ ጥግ መደብ የእሱ ነበረች። ሦስት ዳቦ በፌስታል ይዞ ይገባና «አንዲት ብቻ ቅጅልኝ» ይላል፤ ትቀዳለታለች። ዳቦው እስኪደርቅ አይነሳም ነበር። አሁን ጠላም አረቄም ትቷል። በወዲያኛው ጠርዝ፣ ፊቱን ወደ አጥሩ መልሶ፣ ዝናብ እንደደረሰበት ሰው እየፈጠነ ያልፋል። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ዳቦ አንድ ነው።

ስሙን እንኳ አታውቅም፤ አንጀቷን ግን በልቷታል። ስለዚህ ከታች ብቅ ሲል፣ ጠላ መኖሩን ለመንገደኛ እንድትናገር በእንጨት ጫፍ የደፋቻትን ጣሳ አውርዳ ነጠላዋ ስር ትሸሽጋለች። ሲያልፍ መልሳ ትሰቅላታለች።

ትናንት መንገዱን ተሻግሮ መጣ። የትነበርሽ ክው አለች።

«ምነው አያ? ልጆች ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው ሲሉ ሰማሁ» አላት። ከረሜላውን በጉንጩ አገላበጠና ወደ ነጠላዋ በአገጩ አመለከተ።

«ይችን ግን አታውርጃት፣ እቴ። እንጀራሽ ናት። ብታወርጃትም የት እንዳለች አውቃለሁ።»