ኋላ የሚሰጥ ስም

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቲቸር ዱጋሳ የግቢያቸውን የቆርቆሮ በር በእርጥብ ጨርቅ ያብሳሉ። የበሩ አንደኛው ክንፍ ከወገብ በላይ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። እርጥበቱ እስኪደርቅ ቆመው ይጠብቁና በጠመኔ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይጽፋሉ፤ ከሥሩም ትርጉሙን፣ አመጣጡንና አጠቃቀሙን በአማርኛ ያሰፍራሉ። ሦስት መስመር ነው፤ ከሦስት አልፎ አያውቅም።

አዳማ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ ከወጡ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ቃላቱን የሚያወጡት ሽፋኑ ከተገነጠለ ወፍራም መዝገበ ቃላት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ተማሪዎች ቆመው ይገለብጡ ነበር። አሁን ስልካቸውን እያዩ ያልፋሉ።

ባለቤታቸው ዘርፉ የልጅ ልጅ ልታሳድግ ሐዋሳ፣ ልጃቸው ዘንድ፣ ለሦስት ወር ብላ የሄደችው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። አልተጣሉም። ሦስቱ ወር ሳያልቅ ሕፃኑ ታመመ፣ ቀጥሎ ሁለተኛ ተወለደ፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤት ማመላለስ መጣ። እሑድ እሑድ ትደውላለች።

በ2017 ታኅሣሥ በፈንታሌ በኩል ያለው ምድር ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ አዳማም ይሰማ ነበር። አንድ ምሽት አምፖሉ ተወዛወዘ፣ ብርጭቆዎቹም ቁም ሣጥኑ ውስጥ ተንኳኩ። ሰፈሩ ሁሉ ወደ መንገዱ ወጣ። እናቶች የልጆቻቸውን ስም፣ ልጆች የእናቶቻቸውን ስም ይጣሩ ነበር። ቲቸር ዱጋሳ በነጠላ ጫማ በራቸው ላይ ቆሙ። የእሳቸውን ስም የጠራ አልነበረም። በነጋታው ዘርፉ ደውላ፣ «እንግዲህ በሩን ሳትቆልፉ እደሩ» አለቻቸው። ቤቱ ውስጥ የሚያድረው አንድ ሰው ነው።

ከሳምንት በኋላ ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው አትክልት ነጋዴዋ ዙሀራ አባቷን ከመተሐራ አመጣች። ሳሊህ ይባላሉ። በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው ሃምሳ ዓመት ሙሉ የአገዳ ማሳ ውሃ ሲያጠጡ የኖሩ፣ ቀጭን፣ ቀልደኛ ሽማግሌ ናቸው። የቤታቸው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። አራት ፍየሎቻቸውን ሰንበታ ለሚባል ጎረቤት አደራ ሰጥተው ነው የመጡት።

በሁለተኛው ቀን ሽማግሌው መንገዱን ተሻግረው በሩ ፊት ቆሙ። ጣታቸውን እያስከተሉ አማርኛውን ጮክ ብለው አነበቡት። ማንበብ የተማሩት ትልቅ ሰው ሆነው፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጠዋት አልቀሩም። ቲቸር ዱጋሳ ፊደሉን ተለቅ አድርገው መጻፍ ጀመሩ፤ ሁለተኛ ወንበርም ከቤት አወጡ።

«ይሄ እንግሊዝ ለሁሉም ስም አለው» አሉ ሳሊህ አንድ ቀን። «ለወሬኛ ሽማግሌስ ምን ይለዋል?»

«ለእሱ እንኳ ገና እየፈለግሁ ነው።»

«ብዙ አትልፋ፣ አጠገብህ ተቀምጧል።»

ቲቸር ዱጋሳ በማግስቱ «ሹገር» የሚለውን ቃል ጻፉ። ቃሉ ወደ አውሮፓ የደረሰው በዐረብኛ በኩል መሆኑን ሳሊህ ሁለት ጊዜ አነበቡ።

«አየህ፣ ስኳሩን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ከሰው ነው የወሰዱት» አሉ፤ ያን ቀን ሙሉ ደስ ብሏቸው ዋሉ።

በጥር መጨረሻ ሰንበታ ደወለ። ፍየሎቹ ደህና ናቸው፤ ሰውም አንዳንዱ እየተመለሰ ነው። ሳሊህ ከዚያ በኋላ ወንበሩ ላይ ተረጋግተው መቀመጥ ተዉ።

ዓርብ አባቷ መስጊድ ሳሉ ዙሀራ ቲቸር ዱጋሳ ጋ መጣች።

«ቲቸር፣ አባቴ እኔን አይሰማኝም። እርስዎን ግን ይሰማል። መንቀጥቀጡ አለቀ ወይ ብሎ ከጠየቀዎት፣ ገና ነው ይበሉልኝ።»

«እኔ በምን አውቄ?»

«የተማሩ ሰው አይደሉ? ያ ግድግዳ ቢወድቅበትስ?»

ሳሊህ የጠየቁት በዚያው ቀን ማታ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። «ትልቁ አልፏል ይላል ሬዲዮኑ። የቀረው ተከታዩ ብቻ ነው አሉ። አንተ ምን ትላለህ? አንተ አልፏል ካልከኝ እሄዳለሁ።»

ቲቸር ዱጋሳ ወደ ወንበሩ አዩ። «ገና ነው» አሉ። «ትልቁ ገና አልመጣም።»

ሳሊህ አልተከራከሩም። ሁለት ሳምንት ቆዩ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ቲቸር ዱጋሳ ከመንቀጥቀጥ ጋር የሚገናኝ ቃል አልጻፉም። ስለ ዕቃ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ አህያ ጻፉ።

«ያን ሬዲዮኑ የሚለውን ለምን አትጽፈውም?» አሉ ሳሊህ አንድ ማክሰኞ። «ተከታይ የሚሉትን። ስሙ ምንድን ነው በእንግሊዝ?»

«አፍተርሾክ።»

«ነገ እሱን ጻፈው። ያፈናቀለኝን ነገር ስሙን እንኳ ልወቀው።»

በማግስቱ ቲቸር ዱጋሳ በሩን አብሰው መዝገበ ቃላቱን ወንበር ላይ ዘረጉ። የመጀመሪያው መስመር አላስቸገራቸውም፤ ከዋናው መንቀጥቀጥ በኋላ የሚመጣ፣ ከዋናው ያነሰ መንቀጥቀጥ። ሁለተኛውም ቀላል ነበር፤ «አፍተር» በኋላ ማለት ነው፣ «ሾክ» ደግሞ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን በፊት የሁለት ጦር ግጭት ይባልበት ነበር። ሦስተኛው ላይ ጠመኔው ቆመ። በአፋቸው አንድ ጊዜ ዋሽተዋል። በዚህ በር ላይ ግን በስምንት ዓመት ውስጥ ያላመኑበትን ነገር ጽፈው አያውቁም። ተማሪዎቹ የመጀመሪያው ደወል እንዳያመልጣቸው እየሮጡ አለፉ። ቲቸር ዱጋሳ ጻፉ፤

«ይህ ስም የሚሰጠው ኋላ ነው። ከበፊቱ የሚበልጥ ከተከተለ፣ ዋና የተባለው ዋና መሆኑ ይቀራል። ዋናው ማለፉን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው የለም።»

ሳሊህ መጡ። ጣታቸው ከቃል ቃል እየሄደ መጨረሻው ላይ ደረሰ። እዚያው ቆመ።

«የለም ይላል።»

«አዎ።»

«አንተም?»

«እኔም አላውቅም።»

«ታዲያ ገና ነው ያልከኝ በምን አውቀህ ነው?»

ዙሀራ ለምናቸው እንደነበር መናገር ይችሉ ነበር። «እንዲቀመጡ ፈልጌ ነው» አሉ።

ሳሊህ የጠመኔውን አቧራ ከጣታቸው ላይ በጋቢያቸው ጠረጉ።

«እኔ ውሃ አጠጪ ነበርኩ» አሉ። «ውሃው ማሳው ጥግ ሳይደርስ ደርሷል ያለ ሰው፣ አገዳው ሲደርቅ ይታወቅበታል። ቁጭ በል ብትለኝ ኖሮ እቀመጥ ነበር እኮ፣ አንተ ሰውዬ።»

«ቁጭ ይበሉ እንግዲህ።»

«አሁንማ ፍየሎቼን ልይ።» መንገዱን ተሻገሩ።

ዙሀራ ከዚያ በኋላ ስታልፍ ቀና ብላ አላየቻቸውም። በአባቷ ላይ ስትጮህ ሁለት ማታ ከመንገዱ ማዶ ተሰማ፤ ሽማግሌው ምን እንደሚመልሱ አይሰማም።

ቅዳሜ ጠዋት ጫምሳ የሚባለው የሰፈሩ ባጃጅ ነጂ ዙሀራ በር ላይ ቆሞ ጡሩምባውን ነፋ። ሳሊህ አንድ ማዳበሪያና አንድ ጀሪካን ይዘው ወጡ። ሊሳፈሩ ሲሉ ወደ ቲቸር ዱጋሳ መጥተው ስልካቸውን ዘረጉላቸው።

«ቁጥርህን መዝግብልኝ። ሲንቀጠቀጥ እደውልልሃለሁ።»

ቲቸር ዱጋሳ መዘገቡና ስልኩን መለሱ። እጃቸው ላይ የነበረው ጠመኔ የስልኩን ጀርባ ነጭ አደረገው።

«አላህ ይጠብቅህ» አሉ ሳሊህ።

«በደህና ይግቡ፣ አባ ሳሊህ።»

ባጃጁ ወደ መናኸሪያው ታጠፈ። የመተሐራው ሚኒባስ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሞልቶ ተነሣ።