ዶልፊኗን «ኖ፣ ታንክ ዩ» ያልኩ ቀን

ልጅ እያለሁ እናቴ ካስተማረችኝ ነገር ሁሉ ቶሎ የገባኝ እምቢ ማለት ነበር። ሰው ቤት ሄደን ምግብ ሲቀርብ መጀመሪያ «አይ፣ ጠግቤያለሁ» ይባላል። የቤቱ እመቤት «ኧረ ቅመሺ» ስትል አንገት ደፍቶ ዝም ነው። «በሞቴ!» ያለች ጊዜ ግን እጅ ይዘረጋል፣ ያውም ቀስ ብሎ። በመጀመሪያው ላይ እጁን የሰደደ ልጅ ሆዳም ነው፤ ሆዳም ልጅ ደግሞ እናቱን ያሰድባል። የድፎ ዳቦ ሽታ አፍንጫዬን እየሰረሰረው፣ ምራቄን እየዋጥኩ «ጠግቤያለሁ» ስል እናቴ ከማዶ ሆና በዓይኗ ታመሰግነኝ ነበር። ቸርቻችን መሐላ አጥብቆ ይከለክል ነበር፤ በሞቴን ግን እንደ መሐላ የቆጠረው ሰው አላየሁም። እናንተም ቤት እንዲሁ እንደነበር አልጠራጠርም።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰችብኝ ልጄ ሶልያና ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ላስ ቬጋስ ተወልዳ ማውንተንስ ኤጅ የሚባለው ሰፈር ነው ያደገችው። ካሊፎርኒያ ያለው የባሕር እንስሳት ፓርክ ካልሄድን ብላ ሰላም ነሳችን። ባለቤቴ «ዓሣ ለማየት የአምስት ሰዓት መንገድ? ደግሞስ ውቅያኖስ የለመደ እንስሳ ገንዳ ውስጥ ዘግቶ ማስጨፈር ነውር አይደለም?» ይላል። እኔ ደግሞ ስልኬ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች የጻፉትን አስተያየት አነባለሁ። አንዱ «ልጆቼ በደስታ አበዱ፣ ሂዱ» ይላል። ሌላዋ «ውድ ነው፣ ሙቀት ነው፣ ሰልፍ ነው፣ እንስሶቹም ያሳዝናሉ» ትላለች። ያዋጣል ወይስ አያዋጣም እያልን ሰነበትን። እኔ ግን ፓርኩን አውቀዋለሁ፣ በልጅነቴ ሄጄበታለሁ። ለባለቤቴ እንኳ ነግሬው አላውቅም፤ ዛሬም ሳስታውሰው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

ያኔ እኔም ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከአዲስ አበባ ከመጣን ገና ሁለተኛ ዓመታችን ነው። እናቴ አንድ ካዚኖ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳ ነበር፤ ስታቅፈኝ እጇ በረኪና በረኪና ይሸታል። ትምህርት ቤት፣ ክፍላችን ውስጥ አንዲት ልጅ ዶልፊን አፍንጫ ላይ እጇን ጭና የተነሳችውን ፎቶ ይዛ መጣች፤ ከዚያ ወዲያ እኔ ምግብ አልበላ፣ ጨዋታ አልጫወት። ዶልፊን መንካት ብቻ! እናቴ ልመናዬ ሲበዛባት «እግዚአብሔር ያውቃል» አለች። እኛ ቤት ይህ «እሺ» ማለት ነው። ሺፍቷን ከሥራ ጓደኛዋ ጋር ተቀያየረች። የቸርቻችን ሽማግሌ ጋሽ ተስፋዬ ወንድማቸውን ሊጠይቁ በቫናቸው ወደዚያው ይሄዱ ስለነበር «እኔ አደርሳችኋለሁ» አሏት። «አይ፣ እርስዎ ምን በወጣዎት» አለች። ደገሙላት፤ «ኧረ ይቅር» አለች። ሦስተኛ ሲሏት ነው የተስማማችው።

ጠዋት ጋሽ ተስፋዬ ፓርኪንጉ ውስጥ ቆመው ጎማውንም ሞተሩንም መንገዱንም እየጠሩ ጸለዩ። እናቴ የቸርች ቀሚሷን ለብሳለች፣ እኔም የቸርች ቀሚሴን ከነጭ ካልሲ ጋር። ለዓሣ! ለስንቅ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በፌስታል ይዛ ነበር፤ በረሃው ሲግል ቫኑ ሙሉ እንቁላል እንቁላል ሸተተ። ጋሽ ተስፋዬ መስኮቱን ከፈት እያደረጉ «ሽታው ራሱ ያጠግባል» እያሉ ያስቁን ነበር።

ፓርኩ የጨው፣ የዓሣና የፋንዲሻ ሽታ ነበረው። ዶልፊኖቹ ወደሚታዩበት ስንገባ ሕዝቡ ሁሉ ከላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል፣ የፊት ወንበሮች ባዶ ናቸው። እናቴ «አየሽ፣ ጌታ አዘጋጀልን!» ብላ እየጎተተች ከፊት አስቀመጠችኝ። ወንበሩ ላይ ውሃ እንደሚረጭ ተጽፎ ነበር፤ እኔም አንብቤዋለሁ። ግን ጌታ አዘጋጀልን ካለች ማን ይከራከራታል? የመጀመሪያዋ ዶልፊን ዘላ ስትወርድ ከአናታችን እስከ ጫማችን በሰበስን። እናቴ እንደዚያ ቀን ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ዶልፊኗ ደጋግማ ስትገለባበጥ እያየች «ምስኪን፣ ይቺም እንደኔ ሺፍት አላት እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ ሰማያዊ የዋና ልብስ የለበሰች አሠልጣኝ ማይክሮፎን ይዛ ወደ እኛ መጣች። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል እኔ ፊት ቆመች። ጎንበስ ብላ በእንግሊዝኛ «መጥተሽ ዶልፊኗን ልትነኪያት ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ ልክ እንደተማርኩት «ኖ፣ ታንክ ዩ» አልኳት። «ኦኬ፣ ስዊትሃርት!» አለችና አለፈች።

እኔ እንግዲህ ሁለተኛውን ጥያቄ እጠብቃለሁ። ያቺ ፈረንጅ በሞቴን ከየት ታምጣው! ከኋላችን የነበረ ጥርሱ የወለቀ ልጅ «የስ!» ብሎ እየዘለለ ተከተላት። እናቴ «ምን አለችሽ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «አንቺስ ምን አልሽ?» «አይ አልኳት።» ፊቷ በራ። «ጎሽ የኔ ልጅ! ትመለሳለች» አለችኝ። ሁለታችንም ጠበቅን። ልጁ ዶልፊኗን አቀፋት፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ እኛም አጨበጨብን። ትርኢቱ አልቆ ሰው ወጣ። ፋንዲሻ የሚጠርገው ሰውዬ እግራችን ሥር ሲደርስ እኛ አሁንም እንደረጠብን ቁጭ ብለናል።

ያኔ ነው እናቴ ብድግ ብላ ወደ ገንዳው የወረደችው። አሠልጣኟን በእጇ ጠርታ «ማይ ዶተር፣ ሺ ሴይ ኖ። በት የስ! ሺ የስ!» አለቻት። አሠልጣኟ ምንም አልገባትም፤ ፈገግ ብላ እጇን አውለበለበችልን። እናቴ ግን «በት የስ» ማለቷን አልተወችም። የረጠበው ቀሚሷ ገላዋ ላይ ተለጥፏል፣ ፋንዲሻ ጠራጊው ሥራውን ትቶ ዞሮ ያያታል። «እማዬ፣ በቃ!» ብዬ ጮህኩና የማላውቃት ሴት አስመስዬ ቀድሜያት ወጣሁ። እሷም ጫማዋ ጯ ጯ እያለ ከኋላዬ መጣች።

ቫኑ ውስጥ ጋሽ ተስፋዬ «እህሳ፣ ነካሻት?» አሉኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እናቴ «ነካቻት እንጂ!» አለች። ውሸት የማይወጣት ሴት፣ ለቸርች ሽማግሌ! በሚቀጥለው እሁድ የሰንበት ትምህርት አስተማሪያችን ልጆቹ ፊት አቁማ «ዶልፊን ስትነካ ምን ትመስላለች?» ብላ ጠየቀችኝ። የመጣልኝ የቫኑ ሽታ ብቻ ነበር። «ተልጦ እንዳለቀ እንቁላል» አልኩ። ልጆቹ «ዋው!» አሉ። በሩ ላይ የቆመችው እናቴ ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን ሁለታችንም አንስተን አናውቅም።

እኔ ግን ትምህርቴን ያዝኩ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሁለተኛ እስኪጠይቀኝ ጠብቄ አላውቅም። ኦቨርታይም? የስ። ኬክ? የስ። ሶልያናማ ሳይጠይቋትም የስ ትላለች፤ ሰው ቤት ገብታ ፍሪጅ ስትከፍት እናቴ «ጉድ ፈላ! ይቺ ልጅ ስማችንን አጠፋችው» ትልና እየሳቀች ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። እናቴ አሁን ጡረታ ወጥታለች፤ ከእኛው ጋር ታችኛው ክፍል ነው የምትኖረው።

ባለፈው ቅዳሜ ሶልያና አሸነፈችን። ትኬት ለመቁረጥ ስልኬን እየነካካሁ፣ ቀና እንኳን ሳልል «እማዬ፣ ትመጫለሽ?» አልኳት። «አይ፣ እኔ እዚያ ምን ልሠራ! ፀሐዩም አይስማማኝ። እናንተ ሂዱ» አለች። «እሺ» አልኩና የሦስት ሰው ቆረጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ሶልያና በዚያ ባልጠና አማርኛዋ «ማሚ፣ እማማ ኖ ብሏል፣ ራይት? ታዲያ ለምን ‹የፊት ወንበር አሁንም ውሃ ይመጣል?› ብሎ ጠየቀኝ?» አለችኝ።

የያዝኩትን ሳህን አስቀመጥኩ።

እዚሁ አቅራቢያችን ቦልደር ሲቲ ለምሳ ስንወጣ «እናንተ ሂዱ» ትለኝ ነበር፤ «እሺ» ብዬ እሄዳለሁ። ጫማ ልግዛልሽ ስላት «ያለኝ መቼ አለቀና» ትለኝ ነበር፤ «እሺ» ብዬ እተዋለሁ። ለሰው ሁሉ «እናቴ ቤት መቀመጥ ትወዳለች» እያልኩ አወራ ነበር። አይ እኔ! ያቺ አሠልጣኝ ደንባችንን ስለማታውቅ ነው ያለፈችኝ። እኔ አውቀዋለሁ፣ ያውም ያስተማረችኝ እሷው ናት። እኔ በልጅነቴ ሁለተኛውን ጥያቄ የጠበቅኩት ሕዝቡ ወጥቶ እስኪያልቅ ነው። እናቴ ግን በገዛ ልጇ ቤት ስንት ዓመት ስትጠብቅ እንደኖረች አላውቅም። አፈርኩ፤ ያኔ ከገንዳው ዳር ያፈርኩት ከዚህ ጋር ሲተያይ የልጅ ጨዋታ ነበር።

ወደ ክፍሏ ወረድኩ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አንሶላ እያጠፈች ነበር፤ ዛሬም እንደ ሆቴሉ ማዕዘኑን ገጥማ ነው የምታጥፈው።

«እማዬ፣ ነይ አብረን እንሂድ» አልኳት።

«ኧረ ተይኝ ልጄ፣ ለእናንተም ሸክም ነው የምሆነው» አለችና አንገቷን ደፋች። ልክ ያኔ እኔ እንደደፋሁት።

አጠገቧ ተቀመጥኩና እጇን ያዝኩት። በረኪና መሽተት ከተወ ቆይቷል፤ መቼ እንደተወ ግን ልብ ብዬ አላውቅም። ፓርኩ ያዋጣል አያዋጣም ብዬ ማሰቡን ትቼዋለሁ።

«በሞቴ» አልኳት።

ቀና ብላ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ አንሶላውን ወደ ጎን አድርጋ ጉልበቷን እየደገፈች ተነሳች።

«እንግዲህ በሞቴ ካልሽማ» አለች፣ ወደ ኩሽና እየሄደች። «እንቁላሉን ስንት ልቀቅል?»