እህቴ እጇን አላወርድም ያለችበት ቀን

ታናሽ እህቴን ሰው ሁሉ ድንቢጥ ነው የሚላት። ቁመቷ አጭር ነው፤ ድምጿ ግን ሦስተኛው መንደር ይሰማል። የክልል ምክር ቤት አባል ነበረች ብል ዛሬ የሚያምነኝ ጥቂት ነው። እኔ ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ዓመተ ምሕረት አትጠይቁኝ። ያየሁትን ግን እንደ ትናንት አስታውሰዋለሁ።

ከዚያ በፊት የከተማ አውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ነበረች። የምትሠራበት አውቶቡስ ጎህ ሲቀድ ከከተማው ዳር የሚነሣው ነው። ጎመንና ሽንኩርት ሻጮቹ፣ የጽዳት ሠራተኞቹ፣ የቀን ሠራተኛው ሁሉ በሱ ነው የሚሄደው። አንድ ቀን ተሳፍሬ ሰማኋት።

«እናቴ፣ ዘንቢሉን ከሰው እግር ላይ አንሡልኝ። ጋሼ፣ ትናንትም ዝርዝር የለኝም ብለውኛል፤ ኪስዎ ዝርዝር አይወልድም እንዴ?»

ሰውየው እየሳቀ ከፈለ። ገዢው ፓርቲ ከዚያ አካባቢ ሴት እጩ ሲፈልግ ሽንኩርት ሻጮቹ «ሌላ አንፈልግም፣ ድንቢጥን አቅርቡልን» አሉ። ተመረጠች።

ከመጀመሪያው ስብሰባ ስትመለስ አዲሱን ጫማዋን አውልቃ ተረከዟን እያሸች፣ «እትዬ፣ ሥራው እጅ ማውጣት ነው» አለችኝ።

«መናገርስ?»

«መናገር ለተመዘገበ ነው። መዝገቡ ደግሞ እኔ ስደርስ ሁልጊዜ ሞልቷል።»

እንዲህም ሆኖ የምታገኘውን ባለሥልጣን ሁሉ እየያዘች ስለ መንገድ መብራቱ፣ ስለ ቧንቧው ስትጨቀጭቅ ዓመታት አለፉ። ከዚያ ያ ነገር መጣ። የከተማ አውቶቡሱ ይዘጋ፣ አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ግቢም ለነጋዴዎች ተሰጥቶ ሕንፃ ይሠራበት ተባለ።

ድምፅ ሊሰጥ አንድ ቀን ሲቀረው የፓርቲው ሰብሳቢ ቤታችን መጣ። ሻይ ቀዳሁለት።

«ነገ ከሰው እኩል እጅሽን ታወጫለሽ» አላት። «ወንበርሽም ያንቺው ይሆናል።»

«ካላወጣሁስ?»

«ወደ ቲኬትሽ እንዳትመለሺ አውቶቡሱ አይኖርም» ብሎ ሳቀ።

«ጥሩ ቀልድ ነው። ነገ ለጉባኤው ንገርልኝ።»

ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። እኔ ግን ፈራሁ። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ገና ተማሪ ናቸው።

«አንቺ ልጅ፣ አርፈሽ አውጪ» አልኳት። «ሁሉም ካወጣ ያንቺ እጅ ምን ይለውጣል?»

«ምንም አይለውጥም፣ እትዬ። ግን እነዚያ ሽንኩርት ሻጮች በእግራቸው ሲሄዱ ‹የኛዋም እሺ አለች› አይሉም። እምቢ ማለቴ ይሰማልኝ፤ ሌላ አልፈልግም።»

በማግስቱ ፎቅ ላይ፣ ለሕዝብ በተተወው መቀመጫ ተቀመጥኩ። አፈ ጉባኤው መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚውል፣ ደግ የሚመስሉ ሽማግሌ ናቸው። «የሚደግፉ?» አሉ። እጅ እንደ በቆሎ ማሳ ቆመ። ከዚያ ቀና ሳይሉ «የሚቃወሙ ድምፀ ተአቅቦ የለም በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» አሉ፤ ባንድ ትንፋሽ። ምላሳቸው ቤቱን እንደሚያውቅ የጋሪ ፈረስ ነበር፤ ሳይነዱት ይሄዳል። በዚያ ምክር ቤት የተቃወመ ሰው ኖሮ አያውቅማ።

የድንቢጥ እጅ ግን «የሚቃወሙ» ሲሉ ወጥቷል።

ወደ ሌላ ጉዳይ ገቡ። እጇ አልወረደም።

«የተከበሩ አባል፣ ጥያቄ ካለዎት በኋላ።»

«ጥያቄ የለኝም። ተቃውሞ ነው።»

«እሱ አልፏል እኮ።»

«እኔን ሳይቆጥር ነው ያለፈው።»

አዳራሹ ሳቀ። አጠገቧ ያለው የሕግ ባለሙያ ቀሚሷን ጎተት አደረገ። «ተይው፣ ይደክምሻል።»

«ዕድሜዬን አውቶቡስ ውስጥ የላይኛውን ብረት ይዤ ቆሜያለሁ፤ ይሄማ ወንበር አለው» አለችው።

ቀጥሎ ለሌላ ነገር ድምፅ ሲሰጥ ቆጣሪው ተምታታበት። የሚደግፉ ሲባልም እጇ እላይ ነው፤ የሚቃወሙ ሲባልም እላይ ነው።

«ይሄንን ደግሞ ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ?» አሏት አፈ ጉባኤው፣ ላብ እየጠረጉ።

«ይሄ ጥሩ ነው፣ እደግፈዋለሁ። እጄ ግን ያኛው ላይ ቀርቷል።»

እዚያ ላይ መሳቁ ቆመ። እንደገና ቆጠሩ፤ እንደገና ተሳሳቱ። ክንዷ ሲዝል አየሁና ልጩህላት ስል አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። በሌላኛው እጇ ክርኗን ደገፈችው እንጂ አላወረደችም።

በመጨረሻ ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «የአውቶቡሱ ጉዳይ» አሉ ቀስ ብለው፣ «በአንድ ተቃውሞ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል።»

«አመሰግናለሁ፣ ቀጥሉ» ብላ አወረደችው።

አውቶቡሱ ተዘጋ፤ አልዋሻችሁም። በሚቀጥለው ምርጫም ሌላ ሰው አቀረቡ። ድንቢጥ ከሽንኩርት ሻጮቹ ጋር ገበያ ተቀመጠች። ጎረቤታችን ባለ ሱቁ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለ ሊተርባት ሲሞክር፣ «እኔ ያልበላሁት አይቆጨኝም፤ እነሱ የበሉት ነው የሚያንገበግበኝ» ትለዋለች።

ቆይቶ ያው ሰብሳቢ ገበያ ድረስ መጣባት። ያቀረቡት ሰው በሕዝቡ ዘንድ አልተወደደላቸውም።

«ተሳስቼ ነበር ብትዪ እንመልስሻለን» አላት፤ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ።

ሽንኩርቱን መላጧን አላቋረጠችም። «ስሕተትማ አለብኝ» አለችው። «ሁለት እጅ እያለኝ አንዱን ብቻ ማውጣቴ ነው።»

ሄደ። ከዚያ ወዲህ ለምክር ቤት የጠራት የለም፤ እሷም ጥሩኝ አላለችም።